ለምሥጋና የተተከለው ድንኳን

ትሩፋት እባላለሁ። ጎፋ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የማያውቀኝ ሰው ካለ ታሞ የማያውቅ ሰው ነው። የእድራችን የጠያቂ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኜ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ሰው ሲታመም፣ ሴት ስትወልድ፣ ከሆስፒታል የወጣ ሲኖር መዝገቤን በብብቴ ይዤ ቀድሜ የምደርሰው እኔ ነኝ። በሦስት ቀን ውስጥ ሄዶ ያልጠየቀ አባል ስሙ በወሩ ስብሰባ ላይ ይነበባል የሚለውንም ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ። በዚህ የተነሳ ያኮረፈኝ ብዙ ነው። ያኩርፍ፤ የታመመ ሰው ብቻውን ጣሪያ ሲያይ መዋል የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ከአራት ዓመት በፊት ከእኛ ፎቅ አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ የምትኖር ቤተልሄም የምትባል ልጅ ወለደች። ሰው ሁሉ ገንፎ ሊበላ ሲጎርፍ ቀመሪያ ቀረች። ቀመሪያ ከፊት ለፊታችን ባለው ብሎክ የምትኖር፣ ሀይሌ ጋርመንት የሕፃናት ልብስ የምትሸጥ፣ ድምጿ የማይሰማ ሴት ናት። በስብሰባው ላይ ስሟን ጠርቼ አስነሳኋት። “ምክንያትሽን ተናገሪ” አልኳት፣ ስድሳ ሰው ፊት። “ምክንያት የለኝም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ” ብላ ተቀመጠች። መዝገቡ ላይ “አልጠየቀችም” ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን ከከንፈር አላለፈም።

አሁን ስለ ልጄ ልንገራችሁ።

ምሥጋና ሀይሌ ጋርመንት ካለ አንድ የሴቶች ፀጉር ቤት ሹሩባ ትሠራ ነበር። ጣቷ ሲፈጥን ዓይን አይከተለውም። ወረፋ የሚይዙላት ሴቶች ከፉሪ ድረስ ይመጡ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላት ውሃ በነካች ቁጥር የጣቶቿ ጫፍ ነጭ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ መሆን ጀመረ። ብርድ ነው አልን። ዓመት ሳይሞላ ቆዳዋ እየጠነከረ፣ እየጠበባት ሄደ። ጣቶቿ ተቆልምመው መዘርጋትም መጨበጥም እምቢ አሉ። ፊቷ ሳቅ ከለከላት። አፏ ጠቦ ማንኪያ በጎኑ ካልሆነ አይገባም። ጸበልም ወሰድኳት፣ ሆስፒታልም ወሰድኳት። ሦስተኛ ፎቅ ለመውጣት ሦስት ጊዜ ደረጃ ላይ መቀመጥ ስትጀምር ሐኪሟ ሳንባዋም ተይዟል አለችኝ።

ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት፤ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ማስረዳት አይሰለቻትም። “ሰውነታችን ከበሽታ የሚጠብቀን ኃይል አለው። የምሥጋና ኃይል ግን የገዛ ቆዳዋንና ሳንባዋን ጠላት ብሎ ይዟል” አለችኝ።

“ማን አስቆጣው?” አልኳት።

“አይታወቅም።”

ተናደድኩ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከሰው ስጣላ ኖሬያለሁ፤ ሁልጊዜ ግን ምክንያቱን አውቃለሁ።

በመድኃኒት ሞከሩ፤ እየከፋ ሄደ። በመጨረሻ ሐኪሟ አንድ መንገድ አለ አለችኝ። “ከራሷ ደም ስቴም ሴል የሚባለውን ለይተው ያወጣሉ። የደም እናት በይው። ገና ምን እንደሚሆን ያልለየለት፣ ሌላውን ሁሉ የሚወልድ። እሱን በበረዶ ያስቀምጡታል። ከዚያ ያንን የተሳሳተ ኃይል በከባድ መድኃኒት ጠራርገው ያጠፉታል። ባዶ ስትሆን የራሷን ስቴም ሴል ይመልሱላታል። አዲስ ኃይል ከዚያ ይበቅላል፤ የድሮውን ጠብ ላያስታውስ ይችላል።”

“ይችላል?”

“ብዙዎቹ ላይ ይረሳል። ሁሉም ላይ አይደለም። ሕክምናውን የማይቋቋሙም አሉ፣ እትዬ ትሩፋት። እኔ የምደብቅሽ ነገር የለም።”

ሕክምናው ህንድ ነው። ሰፈሩ ባያዋጣ ኖሮ ልጄን ወደዚያ አልልካትም ነበር፤ ይህን ሁልጊዜ እናገራለሁ። ወንድሟ ሚኪ አብሯት ሄደ። እኔ ስልክ ታቅፌ ቀረሁ።

የተመለሱት እሁድ ጠዋት ነው። ቦሌ መውጫው በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ ሚኪ ቀድሞ ብቅ አለ፣ ራሱን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል። ከታመመች እህቱ ጋር ሄዶ ራሱን ተላጭቶ የሚመለስ ወንድም ምን ይዞ እንደመጣ እዚህ አገር ሕፃንም ያውቃል። አጥሩን ይዤ “ወይኔ ልጄን” ስል ከኋላው በዊልቸር እየተገፋች ብቅ አለች፤ አፍና አፍንጫዋ በጭምብል የተሸፈነ፣ ራሷ እንደ እሱ ራስ ባዶ።

“ፀጉሯ በመድኃኒቱ ሲረግፍ ስታለቅስ አብሬያት ተላጨሁ እኮ” አለኝ ሚኪ።

በጥፊ ልለው እጄን አንስቼ አቅፌው አለቀስኩ። እሷን ግን ማቀፍ አልተፈቀደልኝም።

ሚኪ የሐኪሞቹን ወረቀት ታክሲ ውስጥ አነበበልኝ። ስቴም ሴሉ የተመለሰላትን ቀን ዜሮ ብለው ይቆጥራሉ። “ዛሬ ሃምሳ አራተኛ ቀኗ ነው። ሰውነቷ እንደ ሃምሳ አራት ቀን ሕፃን ነው። በልጅነቷ የተከተበችው ሁሉ ጠፍቷል፤ ስድስት ወር ሲሞላት እንደገና ትጀምራለች።”

“ኩፍኝ እኮ በሦስት ዓመቷ ወጥቶላታል። አንዴ ከወጣ አይመለስም።”

“ጠቡን ሲረሳ እሱንም ረስቶታል፣ እማ። ኩፍኝ ቢይዛት ትሞታለች። ጉንፋንም ሊገድላት ይችላል። ቢያንስ ለሦስት ወር ሰው እንዳይገባ፣ ማንም እንዳይስማት።”

ሰው እንዳይገባ። የእኔ ልጅ፣ ሰፈሩ አዋጥቶ ያሳከማት ልጅ፣ የጠያቂ ኮሚቴ ሰብሳቢ ልጅ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ግቡ፣ ጠይቁ፣ ለምን ቀራችሁ ስል የኖርኩ ሴት፣ በየትኛው አፌ አትግቡ ልበል? እውነቱን ልናገር፤ አፈርኩ። ስለዚህ የባሰውን አደረግኩ፤ መመለሷን ደበቅኩ። ሚኪንም አስማልኩት።

ሰፈሩ እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስለነበር ደረጃው ጭር ብሎ ነበር። ሚኪ አዝሏት ወጣ። ማንም አላየንም ብዬ በሩን ቆለፍኩ።

ሰኞ ሴቶች አንኳኩ። በር ሳልከፍት “ዛሬ አልችልም፣ ተዉኝ” አልኳቸው። ሌሊቱን ስጠብቃት ስላደርኩ ድምፄ ጎርንኖ ነበር። ማክሰኞ ሚኪ በረኪና ሊገዛ ኮፍያ ሳያደርግ ነጋ ሱቅ ወረደ። ነጋ የተላጨ ራሱን አየና፣ “እህትህስ?” አለው። ልጄ መዋሸት አይችልም፤ እንዳይናገር ደግሞ አስምዬዋለሁ። መሬት መሬት አይቶ፣ በረኪናውን ይዞ ተመለሰ።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ የእድሩ ጡሩንባ ነው። የማን ቤት ነው ብዬ በመስኮት ሳይ በእኛና በቀመሪያ ብሎክ መካከል ድንኳን ተተክሏል። ቀጥሎ ልቅሶው በደረጃው መጣ። አንድ ሰው ሁለት ሰው አይደለም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረጃውን ሞልተው እየወጡ ነው። ከሁሉም በላይ የሀና ድምፅ ይሰማል፤ ሀና የልጄ ደንበኛ ናት።

“ምሥጋናዬ፣ እነዚያ ጣቶችሽ የት ገቡ? ማን ይሥራኝ ፀጉሬን?”

ምሥጋና ከመኝታ ቤት ጭምብሏን እያሰረች ብቅ አለች። “እማ፣ ማን ሞቶ ነው?”

“አንቺ” አልኳት።

ልትስቅ ስትል በሩ ተደበደበ።

“ወይዘሮ ትሩፋት፣ ይክፈቱ” አለ አቶ በፍቃዱ፣ የእድሩ ሊቀመንበር። እያለቀሰ ነው። “ለሰው ሁሉ ደርሰው፣ እርስዎን በር ዘግተው ብቻዎን እንዲያለቅሱ አንተውም። ደንቡን ያወጡት ራስዎ ነዎት።”

“አልሞተችም፤ በሕይወት አለች” ብዬ ጮህኩ።

ልቅሶው ባሰ። “ወይ ሐዘን፣ አእምሮዋን ነካው” ሲሉ ሰማሁ። “ግፉት በሩን፣ ራሷን ሳትጎዳ” አለ አንዱ። የኮንዶሚኒየም በር ጥንካሬው ይታወቃል። ሚኪ ከውስጥ ትከሻውን ሰጥቶ ይገፋል፣ እኔም ከእሱ ጋር እገፋለሁ፣ ማጠፊያው ይንጫጫል። በሩ ቢከፈት የሚሆነው ፊቴ ድቅን አለ። አርባ ሰው እያለቀሰ ይገባል፣ ልጄን ቆማ ያገኛታል፣ ከዚያ ማን ይይዘዋል? አንድ በአንድ አገላብጠው ይስሟታል። በፍቅር ይገድሉብኛል። በዚያች ደቂቃ በሕይወቴ ፈርቼ የማላውቀውን ፍርሃት ፈራሁ።

ያኔ ከውጭ ብረት ሲመታ ተሰማ። አንዴ አይደለም፤ ያለማቋረጥ። በመስኮት ሳይ ቀመሪያ በረንዳዋ ላይ ቆማ የድስት ክዳን በጭልፋ ትቀጠቅጣለች። ያቺ ድምጿ የማይሰማ ሴት።

“ኧረ ስሙኝ” ትላለች። “ልጅቷ አለች። እሁድ ሲያስገቧት በዓይኔ አይቻለሁ። ምሥጋና፣ ወደ በረንዳ ውጪና ይዩሽ።”

ምሥጋና አየችኝ። ራሴን ነቀነቅኩላት። ሻሽ ሳታስር፣ በባዶ ራሷ፣ በጭምብሏ በረንዳው ላይ ወጥታ ቆመች፤ ከታች የድንኳኑን ገመድ ይወጥሩ የነበሩት ወንዶች እጃቸው ላይ ገመድ እንደያዙ ቀና አሉ። ልቅሶው ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እየጠፋ መጣ። አንዷ እልል አለች። ወዲያው ደረጃው ሁሉ በእልልታ ተናጋ፣ በሩም ከበፊቱ ይልቅ ተገፋ። አሁን ደግሞ ሊስሟት ነው።

ማፈሬን ያን ጊዜ ረሳሁት። ከልጄ አጠገብ በረንዳው ላይ ወጥቼ ባለ በሌለ ድምፄ ተናገርኩ።

“ማንም ሰው ወደ ቤቴ እንዳይገባ። እኔ ትሩፋት ነኝ የምለው። የገዛ ደሟን አውጥተው፣ አጥበው፣ መልሰውላታል። ሰውነቷ ሃምሳ ሰባት ቀኑ ነው። ክትባት የላትም፣ ምንም የላትም። ከእናንተ አንዱን የያዘው ጉንፋን ይወስድብኛል። የምትወዷት ከሆነ ውረዱልኝ። ደብቄያችኋለሁ፤ ስላፈርኩ ነው የደበቅኳችሁ፤ ይቅር በሉኝ።”

አቶ በፍቃዱ ከደረጃው ወርዶ ሜዳው ላይ ቆመ። አፍንጫውን በመሐረብ ጠርጎ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ላይ አየን።

“እና ድንኳኑን እንንቀለው?” አለ።

የመለሰችው ምሥጋና ናት። ድምጿ ቀጭን ስለሆነ ሁሉም ዝም ብለው ሰሟት። “ተዉት። ከዚያ ሆናችሁ ጠይቁኝ።”

እንደዚያ ሆነ። ለልጄ ሐዘን በተተከለ ድንኳን ውስጥ ሰፈሩ ሦስት ቀን ተቀምጦ ልጄን ጠየቀ። አግዳሚ ወንበሩን ወደ እኛ በረንዳ አዞሩት። ለልቅሶ የተቀቀለውን ንፍሮ በሉት። ሀና “ፀጉሬን ለማንም አላስነካም፣ እጠብቅሻለሁ” ትላለች ከታች፤ ምሥጋና “ታዲያ ቅማል እንዳታፈሪ” ትላታለች ከላይ። እኔ መሃል ቆሜ ድምጿን ለማይሰሙት ሽማግሌዎች አስተላልፋለሁ። ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላም ሰው ማምሻውን ሜዳው ላይ ቆሞ ቀና ሳይል ወደ ቤቱ አይገባም ነበር።

ቀመሪያ ግን ወደ ድንኳኑ አልወረደችም። ድንኳኑ በተተከለ ማግስት ልብስ ስታሰጣ በረንዳ ለበረንዳ ተገናኘን። መካከላችን ያለው ርቀት ሳይጮኹ ለመነጋገር ይበቃል።

“ካየሻት እሁድ ጀምሮ ለምን ለሰው አልተናገርሽም?” አልኳት።

“እርስዎ ሲደብቁ አይቼ ነዋ። ደበቅኩልዎት።”

ያ የአራት ዓመቱ ነገር ትዝ አለኝ። “ያኔ ቤተልሄም ስትወልድ ለምን ቀረሽ? እውነቱን ንገሪኝ።”

የያዘችውን ቀሚስ ገመዱ ላይ አስተካክላ ሰቀለች፤ በደንብ የተሰቀለ ቢሆንም እንደገና አስተካከለችው። “ልጄ ሶፊ ኩፍኝ ወጥቶባት ነበር። ገና በደረቷ አትድህም ነበር ያኔ። አራስ ቤት በሽታ ይዤ እንዴት ልግባ ብዬ ነው የቀረሁት።”

“ታዲያ ያንን ስብሰባው ላይ አትናገሪም?”

“ኩፍኝ ገባ ቢባል ሰው ልጄን ይሸሽብኛል ብዬ ፈራሁ። ደግሞ እርስዎ ተቆጥተው ነበር” አለችኝ።

ገብቼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ቤተልሄምና ልጇ ያኔ የዳኑት እኔ ገንፎ ይዤ ስለሄድኩ አልነበረም። ይህች ሴት ስለቀረች ነው። እኔ ደግሞ ለዚህ ሥራዋ ስድሳ ሰው ፊት አቆምኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ቀመሪያ ወደ ሱቋ ከመሄዷ በፊት በረንዳ ላይ ትወጣለች። ምሥጋናም ትወጣለች። ቀመሪያ ቀኝ እጇን ከፍ አድርጋ ትዘረጋለች፣ ቀስ ብላ ትጨብጣለች። ምሥጋና ትከተላታለች። መጀመሪያ የልጄ ጣቶች ንቅንቅ አላሉም። በሦስተኛው ወር አውራ ጣቷ ታዘዘ። ክንዷ ላይ ያለውን ቆዳ በሁለት ጣቴ ቆንጠጥ ማድረግ የቻልኩ ዕለት ሚኪን ጠርቼ አሳየሁት፤ ድሮ እንደ ሰሌዳ ነበር። ሐኪሟ ስታያት አልቸኮለችም። ሳንባዋ መጎዳቱን አቁሟል፣ የተጎዳው ግን ሁሉም አይመለስም አለችን። ለእኔ መቆሙ ይበቃኛል።

ስድስት ወር ሲሞላት ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሐኪሟ ቀደም ብላ ስለደወለችላቸው ሰው ሳይበዛ በማለዳ አስገቡን። ነርሷ ግን ጉዳዩን ያልሰማች ናት። ካርድ አውጥታ ብዕሯን አዘጋጀች።

“ሕፃኗ የታለች?”

“ይቺውልሽ” አልኳት፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት የተቃረበችውን ልጄን እያሳየሁ።

ነርሷ ወረቀቱን አንብባ ሳቀች፣ ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። የልደት ቀን በሚለው ላይ ምን ልጻፍ አለችኝ። ሁለቱንም ጻፊ አልኳት።

ሰባተኛው ወር ላይ ሐኪሟ ጭምብል አድርጋ፣ አየር ባለበት ቦታ፣ ካልታመመ ሰው ጋር መቀመጥ ትችላለች አለች። የወሩ ስብሰባ ደግሞ ሜዳው ላይ፣ ያው የእድሩ ድንኳን ተተክሎ ነው። ምሥጋና በራሷ እግር ሦስቱን ፎቅ ወረደች፤ አንዴ ብቻ ተቀመጠች። ፀጉሯ እንደ ጨቅላ ፀጉር ለስልሶ በቅሏል። ማንም አልነካትም። አርባ ሰው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመላት።

መዝገቤን ገለጥኩ። በደንባችን የታመመው ሰው ሲድን ማን እንደጠየቀው ይነበባል። ስም እየጠራሁ “ጠይቃለች”፣ “ጠይቋል” እያልኩ ወረድኩ። ቀመሪያ ጋ ስደርስ ሀና እጇን አወጣች።

“እትዬ ትሩፋት፣ ክፋት የለኝም፣ ግን ቀመሪያ እንደ እኛ አንድ ቀን ሜዳው ላይ አልቆመችም። ድንኳኑም ውስጥ አልተቀመጠችም። ዛሬም ይኸው የለችም።”

ቀና ብዬ አየሁ። ቀመሪያ በረንዳዋ ላይ ቆማለች። ሶፊ አጠገቧ ሆና አፍንጫዋን በእጅጌዋ ትጠርጋለች፤ ጉንፋን ይዟታል። እናቷ ወደ እኛ መውረድ እየቻለች አልወረደችም። ቀኝ እጇን አነሳች፣ ዘረጋች፣ ጨበጠች። ከጎኔ ምሥጋና እጇን አነሳች። አውራ ጣቷ ተጠቀለለ፣ ጠቋሚዋ፣ የመሃል ጣቷ፤ ሁለቱ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሙና፣ ቀስ ብለው እነሱም ገቡ። ልጄ በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ጨበጠች።

“ቀመሪያ፣ ጠይቃለች” ብዬ አነበብኩ። “ከሁላችንም በፊት፣ ከሁላችንም በላይ።”

ከዚያ ሁሉም እየጠበቁኝ መዝገቡን ወደ ኋላ ገልጬ የአራት ዓመቱን ገጽ ፈለግሁ። ቤተልሄም በወለደች ሳምንት፣ ከቀመሪያ ስም አጠገብ የጻፍኩትን “አልጠየቀችም” ሰርዤ፣ በላዩ “ጠይቃለች” ብዬ ጻፍኩ፣ ከሥሩም ፈረምኩበት።